ስለ ፊት መንሣት፤ የእንግሊዝኛ ቃላት ወደ አማርኛ ሲመለሱ

ሰውን ገሸሽ ለማድረግ፥ ለማሰናበትና ለማሳፈር እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ ቃላት አሉት። የዚህ ትችት ዓላማ እንግሊዝኛ ለዚህ ጉዳይ ያሉትን ቃላት ከአማርኛው ጋር ማመዛዘን፥ ሁሉንም «ናቀ» እያሉ መተርጐም የሚያስከትለውንም ጕድለት ማሳየት ነው። ለአማርኛው ምስክር የምናደርገው በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ የሚሰማውን የዘወትር አነጋገር ነው፤ አብዛኛው ግን በሌላውም የአማራ አገር የታወቀ ነው።

አስቀድመን እንግሊዝኛውን እንመልከት። «ዲስሚስ» ከላቲን የመጣ ነው፤ መነሻውም ወዲያ መስደድ ነው። ዳኛ ክስን፥ መምህር ተማሪዎችን፥ አለቃ ሠራተኛን «ዲስሚስ» ያደርጋል፤ በቃሉ ውስጥ ስድብ የለም። «ኢግኖር» ደግሞ ከዚያው ከላቲን ሲሆን መነሻው አለማወቅ ነው፤ አሁን ግን ዐይቶ እንዳላዩ መሆንን ያመለክታል። «ስነብ» ከጥንት የሰሜን አውሮጳ ሰዎች ቋንቋ የተወረሰ ነው፤ ቀድሞ መገሠጽ ማለት ነበረ፤ ዛሬ ሰላምታ ወይም ግብዣ የሚጠብቀውን ሰው ማሳፈር ነው። «ቦይኮት» የሰው ስም ነበረ። በ1880 እ.ኤ.አ. በአየርላንድ፥ በማዮ አውራጃ፥ ቻርልስ ቦይኮት የተባለውን የባለ ርስት ወኪል ገበሬዎቹ «አንሠራለትም»፥ ነጋዴዎቹም «አንሸጥለትም» ብለው ለብቻው ስለ ተዉት፥ ስሙ የድርጊቱ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

የአማርኛው ቃላት አብዛኛውን ጊዜ ከሰው አካልና ከቤት ደጅ የተወሰዱ ናቸው። የተቀየመ ሰው «ዐይንህን ላፈር» ይላል፤ «ጀርባውን ሰጠኝ»፥ «ዘጋኝ» ይባላል። ፈጽመው የተለያዩ ጎረቤቶች «እሳት እንኳ አይጫጫሩም» ይባላሉ፤ ይህም ለ«ቦይኮት» የሚቀርብ ነው። ይልቁንም ሊጤን የሚገባው «ነሣ» የሚለው ግሥ ነው። «እጅ ነሣ» ማለት ጐንበስ ብሎ አከበረ ማለት ሲሆን፥ «ፊት ነሣ» ማለት ግን ተቃራኒው ነው። «ፊት ሰጠ» ስንል ደግሞ አቀረበ፥ ከመጠን ያለፈም እንደ ሆነ አሞላቀቀ ማለታችን ነው። እንግዲህ ፊት የሚሰጥና የሚነሣ ነገር ነው፤ ፊት የተነሣ ሰው የሚገባውን እንደ ተቀማ ይቈጠራል።

ቃል ሳይለወጥ በማዕርግ ብቻ ማዋረድም አለ። «አንቱ» ሊባል የሚገባውን ሽማግሌ በአደባባይ «አንተ» ማለት ከስድብ አያንስም። እንግሊዞችም ቀድሞ ይህን ያውቁ ነበር፤ በ1603 እ.ኤ.አ. ሰር ዋልተር ራሌ ሲከሰስ ዐቃቤ ሕጉ ኤድዋርድ ኮክ «አንተ» እያለ ሊያዋርደው ሞክሯል። ዛሬ ግን እንግሊዝኛ አንድ «ዩ» ብቻ ስላለው ይህ መንገድ ተዘግቶበታል። በአንጻሩ አማርኛ ለማኝን ሲመልስ እንኳ «እግዜር ይስጥህ» ብሎ በምርቃት ይመልሳል፤ ከሥራ የተባረረውንም «ተሰናበተ» ይለዋል። ቃሉ የወዳጅ ስንብት ነው፤ ነገሩ ግን ማባረር ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ «ናቀ» በሚል አንድ ቃል መመለስ ስሕተት ነው እንላለን። ንቀት በልብ ያለ ሐሳብ ነው፤ ፊት መንሣት ግን በዐይን የሚታይ ሥራ ነው። ያኰረፈ ሰው የሚያከብረውን ወንድሙን ፊት ሊነሣ ይችላል፤ የሚንቅም ሰው ንቀቱን በመልካም ቃል ሊሸፍን ይችላል። ቮልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን በዐረፍተ ነገር ውስጥ እያስገቡ ማሳየታቸው ስለዚህ የሚመሰገን ነው። በየተማሪው ደብተር የሚገኘው ግን አንድ ቃል በአንድ ቃል ፊት ለፊት የተጻፈበት ዝርዝር ነው።

ጕዳዩ የቃል ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን የአገራችን ታሪክ ያስረዳል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው በየካቲት 1863 እ.ኤ.አ. ለንደን ደረሰ፤ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም መልስ ሳያገኝ ተቀመጠ። ንጉሡ በታኅሣሥ 1856 ዓ.ም. ቆንሲሉን ካሜሮንን አሰሩ፤ የንግሥቲቱም መልስ የተጻፈው የእስራቱ ወሬ ለንደን ከደረሰ በኋላ በግንቦት 1864 እ.ኤ.አ. ነበር። ነገሩ እየከረረ ሄዶ ወደ ጦርነት አደረሰ። በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ ወደ 7 ቶን የሚጠጋውን ሴባስቶፖልን ይዘው፥ መንገድ እያስቈፈሩ፥ ከደብረ ታቦር በጋይንት በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ የተጓዙት በዚህ የተነሣ ነው፤ ሚያዝያ 6 ቀንም በዚያ ሞቱ።

ይህን ታሪክ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው የትኛውን ቃል ይምረጥ? «ደብዳቤው ተረሳ» ቢል ለመሥሪያ ቤቱ ጠበቃ ይሆንለታል። «ተናቁ» ቢል ደግሞ በለንደን ጸሐፊዎች ልብ ውስጥ የነበረውን ዐውቃለሁ ማለቱ ነው። «ፊት ተነሡ» ቢል ግን ማስረጃው የሚያሳየውን ብቻ ይናገራል፤ የላከ ንጉሥ መልስ ይገባው ነበር፥ አልተሰጠውም። መልስ የነፈገው ሰው ምን እንዳሰበ ለተመራማሪ የሚተው ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ለባልንጀሮቻችን የምናሳስበው ይህን ነው። በዕረፍት ጊዜ ወደ ነፋስ መውጫ፥ ወደ ወገዳ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ የሚሄድ ተማሪ እነዚህን አነጋገሮች ከገበያና ከሽምግልና ቦታ ይሰብስብ፤ ቃሉን ብቻም ሳይሆን ማን ለማን፥ በምን ምክንያት፥ በማን ፊት እንደ ተናገረው ይጻፍ። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁ ሰዎች የሚያስፈልጋቸው እንዲህ ያለው ማስረጃ ነው፤ ታሪክ ጸሐፊዎችም ከዚሁ ይጠቀማሉ።