ለሽንፈቱ ተጠያቂው አሰልጣኝ ሰውነት ናቸውን?

እዚህ ሃዳር ጋኒም ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ ወሬው ከልጆች ትምህርትና ከማሽካንታ አልፎ መጨረሻው ኳስ ላይ ይደርሳል። በቅርቡ አንድ አባት «ዋልያዎቹን የገደላቸው ሰውነት ቢሻው ነው» ብለው ሲደመድሙ፣ ወንድ ልጃቸው «እዚያ ያደረሳቸውስ ማን ነው?» አላቸው። ቡናው አለቀ፣ ክርክሩ ግን አላለቀም። እኔም የልጁ ጥያቄ ከልቤ ስላልወጣ ይህችን ጽሑፍ አዘጋጀሁ። (ዘመኑን የጻፍኩት እዚህ በምንጠቀምበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ኢትዮጵያ በ1982 ከተሳተፈች በኋላ ለ31 ዓመታት የአፍሪካ ዋንጫን ደጃፍ አልረገጠችም ነበር። በ2012 በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸንፋ፣ በጥቅምት ወር አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ ግቦች 2 ለ 0 አሸንፋ አለፈች። ብዙዎቻችሁ ያን ቀን ገና ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ነበራችሁ፤ ጩኸቱን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታስታውሱታላችሁ። አሰልጣኙ ሰውነት ቢሻው ነበሩ። ያን ዕለት ስማቸውን በክፉ ያነሳ ሰው አልሰማሁም።

በጥር 2013 በደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያው ጨዋታ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ነበር። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፣ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፣ ሆኖም በአሥር ሰው 1 ለ 1 ተለያዩ። ይህ በእኔ አስተያየት ቡድኑ በዚያ ውድድር ካሳያቸው ጨዋታዎች ሁሉ የላቀው ነው።

አሰልጣኙን በእውነት ልንወቅስ ከፈለግን ግን የቡርኪና ፋሶን ጨዋታ እናንሳ። ዋልያዎቹ 1 ለ 0 እየተመሩ ሳለ የቡርኪና በረኛ በቀይ ካርድ ተባረረ። አሁን አሥራ አንድ ለአሥር ሆኑ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ምንድን ነው? ሦስት ግብ ተጨመረባቸው፤ 4 ለ 0! ሁሉም ወደፊት ሲሮጥ ከኋላ ያለው ሜዳ ባዶ ቀረ፤ ቡርኪናዎችም በዚያው ባዶ ሜዳ ገቡ። ተጫዋች በስሜት ቢነዳ ይገባኛል። እሱን ተቆጣጥሮ «ቆም በል፣ ኳሷን ያዝ» የሚለው ግን ከመስመሩ ዳር የቆመው ሰው ነው። ይህ ጥፋት የአሰልጣኝ ሰውነት ነው፤ ለማንም አይሰጥባቸውም። በመጨረሻም በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈው በአንድ ነጥብ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ሌላው የሚነሳባቸው ክስ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያው ነው። በሰኔ 2013 ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ሲያሸንፉ፣ በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት መሰለፍ የማይገባው ምንያህል ተሾመ ተሰለፈ። ፊፋም ውጤቱን ሰርዞ ሦስት ነጥብ ነጠቀ። ቢጫ ካርድ መቁጠር የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው፤ ፌዴሬሽኑም ስህተቱን አምኗል። ደግሞስ ያ ሁሉ ሆኖ ቡድኑ በ13 ነጥብ ደቡብ አፍሪካን በሁለት ነጥብ በልጦ ምድቡን በአንደኝነት ጨርሷል። ታዲያ በዚህ የሚወቀሱበትን ምክንያት አላየሁም።

ከዚያ የቀረው የጥሎ ማለፉ ነው። በጥቅምት 2013 አዲስ አበባ ላይ በኃይሉ አሰፋ አስቆጥሮ ስንመራ ቆይተን፣ በመጨረሻው ደቂቃ በተሰጠ ፍጹም ቅጣት ምት በናይጄሪያ 2 ለ 1 ተሸነፍን። በኅዳር ካላባር ላይ ደግሞ 2 ለ 0። ናይጄሪያ የዚያ ዓመት የአፍሪካ ሻምፒዮን እንደ ነበረች መርሳት አይገባም።

በጥር 2014 የቻን ውድድር መጣ። ቻን ማለት በሀገር ውስጥ ክለብ የሚጫወቱ ብቻ የሚሰለፉበት ነው። ስለዚህ በውጭ ሀገር የሚጫወቱት ሳላዲንና ጌታነህ ከበደ አልነበሩም። ሊቢያ 2 ለ 0፣ ኮንጎ 1 ለ 0፣ ጋና 1 ለ 0 አሸነፉን፤ አንድም ግብ ሳናስቆጥር ተመለስን። ግብ የሚያስቆጥሩለትን ሰዎች ይዞ ያልሄደ አሰልጣኝ ግብ አላስቆጠረም ተብሎ በየካቲት ተባረረ። እዚህ ላይ ነው ከእኚያ አባት ጋር የማልስማማው።

በእርግጥ ይህ የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። ከ1959 እስከ 1963 በተከታታይ አምስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ያላት ይህች ከተማችን ጴታሕ ቲቅቫ እንኳ፣ በ2012 ሃፖኤልም ማካቢም በአንድ ዓመት ከዋናው ሊግ ሲወርዱ አይታለች። ሁለት ክለብ አብሮ ሲወርድ ጥፋቱ የአንድ ሰው ነው ብሎ የሚያምነኝ የለም።

ከአሰልጣኝ ሰውነት በኋላ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጡ፤ የ2015ን የአፍሪካ ዋንጫ ሳያሳዩን እሳቸውም ተሰናበቱ። ኢትዮጵያ እንደገና የአፍሪካ ዋንጫን ያየችው በጥር 2022 በካሜሩን፣ በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ ዘመን ነው። በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0፣ በካሜሩን 4 ለ 1 ተሸንፋ፣ ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1 ወጣች። ያኔም ያገኘችው አንድ ነጥብ ነበር።