የባልሳ ክንፍ ወደ ፀሐይ ሲያዝ

በሪሞት የሚበር አሮጌ የባልሳ እንጨት ግላይደር ለሽያጭ ሲቀርብልዎ ቀለሙ አያታልልዎ። ክንፉን ከአካሉ ነቅለው ወደ ፀሐይ ያንሱት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተነደፉት ሞዴሎች፣ የሊ ሬኖ ኦሊምፒክ 2ም ይሁን ባለ ሦስት ሜትሩ የዴቭ ቶርንበርግ በርድ ኦፍ ታይም፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ፊልም ከተለበሱ የሠሪው እጅ እንደ ራጅ ፎቶ ወለል ብሎ ይታያል።

ዓይንዎ መጀመሪያ መሃል ላይ ይረፍ። ሞዴሉ በዊንች ገመድ ተስቦ ሲወጣ ክንፉ ወደ ላይ ይጎብጣል፤ በክንፉ ርዝመት ከተዘረጉት ሁለት ዘንጎች የላይኛው ይጨመቃል፣ የታችኛው ይወጠራል። እንጨት ከመጨመቅ ይልቅ መወጠርን ይችላል። ስለዚህ ስብራቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከላይ ነው፤ ያውም ክንፉ ከአካሉ ጋር ከሚገናኝበት አጠገብ። ጎበዝ ሠሪ እዚህ ላይ ጠበብ ያለ የካርቦን ፋይበር ቁራጭ ይለጥፋል። (በአሮጌ ንድፍ ላይ ካርቦን አይነካም የሚሉ አጥባቂዎች አሉ፤ ከሽፋኑ ስር እስከተደበቀ ድረስ እኔ ቅር አይለኝም።) የሚያስደንቀኝ ግን አጨራረሱ ነው። ማጠናከሪያው ድንገት ከተቆረጠ ጫናው እዚያችው ጠርዝ ላይ ይከማችና ክንፉ ትንሽ ራቅ ብሎ ይሰበራል። ጫፉ በሰያፍ እየሳሳ ካለቀ፣ ሠሪው ጫናው የት እንደሚቀንስ ገብቶታል።

በላይኛውና በታችኛው ዘንግ መካከል በቆመው የባልሳ ግድግዳ ላይ የእንጨቱ መስመር ከታች ወደ ላይ መሄድ አለበት። አግድም ከሆነ በመስመሩ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ ዘንጎች ለየብቻ ነው የሚጎብጡት። በግድግዳውና በዘንጉ መካከል ያለ ክፍተት በኤፖክሲ ተሞልቶ ካዩ፣ ያ ሰው መለካት ሰልችቶት ነበር። ሞዴሉን መልሰው ያስቀምጡት።

ከእንጨት አመራረጥም ብዙ ይነበባል። ነጠብጣብ የሚታይበት ስስ የባልሳ ጣውላ ግትር ነው፤ ለክንፉ የጎድን አጥንቶች ይሆናል። ረጃጅም መስመር ያለው በቀላሉ ይታጠፋል፤ የክንፉን ግንባር ለማልበስ ተመራጭ ነው። ነጠብጣቡን ጎባጣው ግንባር ላይ ካገኙት ስንጥቅ ይፈልጉ።

ቀጥሎ የክንፉን ጫፍ ይዘው በቀስታ ይጠምዝዙት። ግንባሩ እስከ ዘንጉ በባልሳ ተለብሶ ግድግዳውም ከኋላ ከዘጋው እንደ አንድ ቱቦ ሆኖ እምቢ ይላል። በቀላሉ የሚጠመዘዝ ክንፍ በፍጥነት ቁልቁል ሲወርድ መርገብገብ ሊጀምር ይችላል።

ክንፍን ማንም ያጠናክራል። ጅራትን ማቅለል ነው ከባዱ። ተመሳሳይ መጠን ያላቸው ሁለት ስስ የባልሳ ጣውላዎች አንዱ የሌላውን እጥፍ ሊመዝን ስለሚችል፣ አዋቂ ሠሪ እያንዳንዱን መዝኖ ቀላሉን ለጅራት ያስቀምጣል። ጅራቱ ረጅም፣ አፍንጫው አጭር ስለሆነ ኋላ ላይ የተጨመረች አንድ ግራም ሚዛኑን ለመመለስ ከፊት ብዙ ግራም እርሳስ ታስከፍላለች። የተሰበረ ጅራት በኮምፔንሳቶና በኤፖክሲ ጠግኖ «ከእንግዲህ አይሰበርም» የሚል ባለቤት ካጋጠመዎ አይከራከሩት፤ አፍንጫውን ከፍተው ስንት እርሳስ እንደታጨቀበት ይዩ።