የቬርሜርን ልጅ በአክሪሊክ መቅዳት

ሥዕል በመቅዳት የሚማር ሰው ሥዕሉ በተሠራበት የቀለም ዓይነት እንዲሠራ ይመከራል። እኔ ተቃራኒውን እመርጣለሁ። የዘይት ሥዕልን በአክሪሊክ የሚቀዳ የሠዓሊውን የእጅ እንቅስቃሴ ብቻ አስመስሎ አያመልጥም፤ ያ ብሩሽ እዚያ ለምን እንዳረፈ መጠየቅ ግዴታው ይሆናል።

ለዚህ የዮሐንስ ቬርሜር «ባለ እንቁ ጉትቻዋ ልጅ» ትመቸኛለች። እ.ኤ.አ. በ1665 ገደማ የተሣለችው ይህች ሥዕል ሄግ ከተማ፣ ማውሪትስሃውስ ሙዚየም ትገኛለች። መጠኗ 44.5 በ39 ሳንቲሜትር ስለሆነ በልኳ መቅዳት ይቻላል።

ፈተናው ጉንጯ ላይ ይጀምራል። ዘይት ቶሎ ስለማይደርቅ ብርሃንና ጥላን ሸራው ላይ እያዋሐዱ ማለስለስ ይቻላል። አክሪሊክ ግን ውሃው እንደተነነ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይይዛል፤ ገና ግማሽ ደርቆ ሳለ በብሩሽ የነካካው ሰው ቀለሙ እየተላጠ ይነሣበታል። መድረቁን የሚያዘገይ ፈሳሽ ይሸጣል፤ ብዙም አልወደውም፣ ስንፍና ያስተምራል። ይልቅ በጣም ያሳሳሁትን ቀለም እቀባለሁ፣ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ፣ በላዩ እደርባለሁ። እዚህ ላይ አክሪሊክ ዘይትን ያስከነዳል፤ የዘይት ሠዓሊ ቀናት የሚጠብቅለትን ድርብ እኔ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ እቀጥላለሁ። የአክሪሊክ ማጣበቂያ እርጥብ ሳለ እንደ ወተት ነጣ ብሎ ሲደርቅ ስለሚጠራ፣ የደረቀው ቀለም ከተቀላቀለው ይጠቁራል። ስለዚህ የፊቷን ቀለም ትንሽ አፍክቼ እበጠብጥና መጀመሪያ ቁራጭ ሸራ ላይ አድርቄ አየዋለሁ።

ከጀርባዋ ያለው ጥቁር ብቻ ይመስላል። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመረው ምርመራ ግን አረንጓዴ መጋረጃ እንደነበር አሳይቷል፤ በጥቁር ላይ የተደረበውን ግልጽ አረንጓዴ ዘመን አደብዝዞታል። እኔም ጥቁሩን ቀብቼ ሲደርቅ ስስ አረንጓዴ አሳልፍበታለሁ። ከቱቦ የወጣ ጥቁር ብቻውን ግድግዳ ይሆናል፣ አየር የለውም።

አፍንጫዋ ደግሞ የብዙ ጀማሪ መውደቂያ ነው። ብርሃን ያረፈበት የአፍንጫዋ ጠርዝ ከወዲያኛው ጉንጯ ጋር ተዋሕዶ ይጠፋል፤ የሚለያቸው መስመር የለም። ቀጂው ግን አፍንጫ ጠርዝ እንዳለው ስለሚያውቅ ያላየውን መስመር ያሰምራል።

እንቁውስ? ማንጠልጠያ እንኳ የለውም። ከላይ ደማቅ ነጭ፣ ከታች የነጩ ኮሌታዋ ደብዛዛ ነጸብራቅ፣ በቃ። ላይኛውን ነጭ ውሃ ሳልጨምርበት፣ ወፍራሙን አንድ ጊዜ አሳርፌ ብሩሹን ቶሎ ውሃ ውስጥ እነክራለሁ። አክሪሊክ የደረቀበት ብሩሽ ዋጋ የለውም።