ፊርማው የማን ነው?

ናይሮቢ፣ ካሳራኒ በሚገኘው ስታዲየም በር ላይ ውድድር አልቆ ሕዝቡ ሲበተን ያየነው ነገር ይህን ሂስ እንድንጽፍ አነሳስቶናል። ዩኒፎርም የለበሰ አንድ ተማሪ ደብተሩን ዘርግቶ ከአንዲት ሯጭ ፊርማ ጠየቀ። እርስዋም ስሙን ጠየቀችውና «ለእገሌ» ብላ ጽፋ ፈረመችለት። ልጁ ደስታውን ሳይጨርስ በአጠገቡ የቆመ አንድ ጎልማሳ ደብተሩን አየት አድርጎ፣ «ስምህን ባታስጽፍ ኖሮ ገንዘብ ያወጣልህ ነበር» አለው። የልጁ ፊት ወዲያው ጠቆረ።

ውድ አንባብያን፣ ያ ሰው አልዋሸም። በፊርማ ገበያ የተቀባዩ ስም ያለበት ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ስም ከሌለበት ያነሰ ዋጋ ያወጣል። ገዢው የሌላ ልጅ ማስታወሻ አይፈልግምና። እኛ የምንነቅፈውም ይህንኑ ነው። ቀድሞ የፊርማው ክብር የነበረው የልጁ ስም ዛሬ እንደ እድፍ መቆጠሩ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያው ምን ያህል እንደተለወጠ ያሳያል።

ናይሮቢ ለፊርማ ሰብሳቢ የተመቸች ከተማ ናት። የካሳራኒ ስታዲየም እ.ኤ.አ. በ1987 ለተካሄደው የመላው አፍሪካ ጨዋታ የተሠራ ሲሆን፣ ፈርዲናንድ ኦማንያላ 100 ሜትርን በ9.77 ሰከንድ ሮጦ የአፍሪካን ክብረ ወሰን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2021 በዚሁ ሜዳ ላይ ነው። ውድድሩ የተሰየመው በኪፕ ኬይኖ ነበር። ኬይኖ በሜክሲኮና በሙኒክ ኦሊምፒኮች ወርቅ ያገኘ ሰው ነው፤ ከዚያም በኤልዶሬት ከባለቤቱ ጋር ወላጅ ያጡ ሕፃናትን አሳድጓል። የእንዲህ ያለ ሰው ፊርማ ምን ያህል ያወጣል ብሎ መጠየቅ የሰውየውን ሥራ ከወረቀቱ ማሳነስ አይሆንምን?

ገበያው ከዋጋ ጋር ሐሰትን ይዞ ይመጣል። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ «ኦፕሬሽን ቡልፔን» በተባለው ዘመቻው የስፖርተኞችን ፊርማ አስመስለው የሚሸጡ ሰዎችን ሲይዝ፣ በእማሆይ ቴሬዛ ስም የተፈረመ የቤዝቦል ኳስ ሳይቀር አግኝቷል። የሞቱ ሰዎች ፊርማ ደግሞ ይበልጥ ያጓጓል። አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮማ ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. አረፈ። ከዚያ ወዲህ አንድም አዲስ ፊርማ ሊጨምር አይችልም። ስለዚህ ዋጋው ባደገ ቁጥር አስመሳዩም ይበረታል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የምንለው ግን ለሽያጭ አልነበረም።

ይህን ስንል መሸጥ ሁሉ ነውር ነው ማለታችን አይደለም። የሯጭ ዕድሜ አጭር ነው፤ የራሱን ዕቃ ቢሸጥ ማን ይወቅሰዋል? ሮጀር ባኒስተር እ.ኤ.አ. በ1954 አንድ ማይልን ከ4 ደቂቃ በታች የሮጠበትን ጫማ እ.ኤ.አ. በ2015 ለንደን ውስጥ በጨረታ ሲሸጥ 266,500 ፓውንድ አውጥቷል፤ ከገንዘቡም ከፊሉን ለበጎ አድራጎት አስቦት ነበር። የምንቃወመው በነፃ የተሰጠን ስጦታ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ በገንዘብ መመዘንን ነው።

አንዳንዶች፣ ስልክ መጣ፣ ልጆች ፎቶግራፍ ይነሳሉ፣ የፊርማ ነገር አበቃ ይላሉ። ፎቶግራፉ መልካም ነው፤ ለመሸጥም አይመችም። ነገር ግን አንድ ጉድለት አለበት። ፊርማ የሚጠይቅ ልጅ ወደ ሯጩ ፊቱን አዙሮ ስሙን ይናገራል፤ ሰልፊ የሚነሳው ግን ለሯጩ ጀርባውን ይሰጣል። አንድም ቃል ሳይለዋወጡ ይለያያሉ።

ታዲያ መምህራን ምን እናድርግ? ተማሪው ፊርማ ከመጠየቁ በፊት አንድ ጥያቄ እንዲያዘጋጅ እናስተምረው። ከፊርማው ሥር ቀኑን፣ ቦታውን፣ ውድድሩንና ውጤቱን ይጻፍ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ በ10,000 ሜትር ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ብቻ ነበር። የሁለቱ ፊርማ በአንድ ገጽ ላይ ቢገኝ፣ የኢትዮጵያና የኬንያ ልጆች አብረው የሚማሩበት ሙሉ ትምህርት ይሆናል። ነጋዴ ግን ገጹን ከሁለት ሊቀደው ይችላል።

እኛም በየቀኑ በተማሪዎቻችን ደብተር ላይ እንፈርማለን። ያ ፊርማ በየትም ገበያ አምስት ሳንቲም አያወጣም። ትርጉሙ «ሥራህን አይቻለሁ» ማለት ነው። በካሳራኒ በር ላይ የነበረችው ሯጭ ለዚያ ልጅ የጻፈችለትም ከዚህ የተለየ አልነበረም። አይታው ነበር፤ ስሙንም ጠይቃዋለች። ያን ልጅ ዳግመኛ ብናገኘው፣ የተጻፈው ስምህ እድፍ አይደለም፣ የገጹ ዋና ነገር እርሱ ነው እንለዋለን።