«እሱ ካለ»

ሆላንዶች ማዮማን «ቭሌስቦም» ይሉታል፤ ቃል በቃል የሥጋ ዛፍ ነው። በሮተርዳምና በሄግ ሆስፒታሎች ማስተርጎም የጀመርኩ ሰሞን «ዕጢ» እያልኩ አስተላልፈው ነበር። ስህተት አይደለም። ግን አንዲት እህት ቃሉን እንደሰማች ሻርፗን አፏ ላይ ጫነች፤ ካንሰር ነው የመሰላት። ከዚያ ወዲህ «ማዮማ» ነው የምለው፤ አገር ቤትም ሴቶቹ የሚሉት ይህንኑ ነው።

ከዚህ የባሰው «ማውጣት» ነው። «ይወጣል» ብዬ ብተወው ምኑ? ማዮማው ብቻ ወይስ ማህፀኑም? ግሱ አንድ ነው፤ ባለቤቱን መዋጥ ደግሞ ልማዳችን። ስለዚህ ቢንዛዛም ስሙን ሳልጠራ አላልፍም፦ «ማዮማው ይወጣል፤ ማህፀንዎ ባለበት ይቆያል»። «ማህፀንዎ ይቀራል» አልልም፤ «ቀረ» ለሄደም ለተረፈም ይባላላ።

ሕክምናው የሚዞረው ግን በአንድ ጥያቄ ነው፦ «ኪንደርቬንስ አለዎት?» ልጅ መውለድ ይፈልጋሉ? እ.ኤ.አ. በ2002 ከአምስተርዳም ተመርቶ የተጀመረው ኤሚ የተባለ ጥናት፣ በ177 ሴቶች ላይ ማህፀን ማውጣትን ወደ ማዮማው ደም የሚወስዱ ሥሮችን ከመድፈን ጋር ሲያነጻጽር፣ መውለድ የሚፈልጉትን አላካተተም። ዛሬም መውለድ ለምትፈልግ ሴት ሥሮቹን መድፈን ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። ማዮማው ወደ ማህፀን ውስጥ የገፋ ከሆነ ሆድ ሳይከፈት፣ ከታች በሚገባ ቀጭን መሣሪያ ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል።

የሆላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2012 ለሕክምና አስተርጓሚ የሚሰጠውን ድጎማ ካቆመ ወዲህ ብዙ ጊዜ የሚያስተረጉመው ባል ነው። ባል ፊት «ልጅ መውለድ ይፈልጋሉ?» ለሚለው ጥያቄ ምን እንደሚመለስ እናንተው ገምቱ።

አንድ ቀን በስልክ እያስተረጎምኩ ነበር። ሐኪሙ ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቅ ሴትዮዋ «እሱ ካለ» አለች። እኔም «እግዚአብሔር ከፈቀደ» ብዬ እንዳለ አቀበልኩ። ኪቦርድ ሲንኳኳ ሰማሁ። ጥቂት ቆይቶ ሐኪሙ ስለ ማህፀን ማውጣት ማብራራት ጀመረ፤ እሷ ዝም። ያኔ ነው የነቃሁት፤ ሐኪሙ የሰማው «እንጃ»ን ነው። «ይቅርታ፣ አስተርጓሚዋ ነኝ» አልኩት፤ «ያ መልስ በእኛ ቋንቋ እርግጠኛ አይደለሁም ማለት ላይሆን ይችላል። እባክዎ መልሰው ይጠይቋት»።

ጠየቃት።

«እህቴ፣ ንገሪልኝ እስቲ» አለች፤ «ዘጠኝ ዓመት ለቁልቢ ገብርኤል ስሳል የኖርኩት ለምን መሰላቸው?»

ስለትን በሆላንድኛ ማስረዳት ሌላ አምስት ደቂቃ ወሰደብኝ።