ሦስት ዓመት የፈጀ ጦርነትና ዐሥራ አንድ ዓመት የቆየ ተውኔት

በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ተማሪ የዘረፈውን ቅኔ በመምህሩና በባልንጀሮቹ ፊት ሲነግር፣ አድማጩ የሚሰማው ለመደሰት ብቻ አይደለም። ቤቱ መምታቱን፣ ሰሙ ከወርቁ ጋራ መስማማቱን፣ አንዱ ቃል ሌላውን አለማፍረሱን እየተከታተለ ነው። ጉድለት ሰምቶ ዝም ማለት በዚያ ጉባኤ ለባለቅኔው እንደ ማዘን አይቈጠርም፤ እንደ ንቀት ነው። ከልቡ ያላዳመጠ ሰው ስሕተት ሊያገኝ አይችልምና። ይህን አስቀድመን ያነሣነው ከደጀን እጅግ በራቀ አገር ስለ ተሠራ አንድ የቴሌቪዥን ቧልታዊ ተውኔት ልንናገር ስለ ሆነና፣ የዚህም ተውኔት ወዳጆች የያዙት ሥራ ከቅኔ ቤቱ ልማድ ብዙ የሚርቅ ስላልሆነ ነው።

ተውኔቱ «ማሽ» ይባላል። ይህ ስም የተንቀሳቃሽ የጦር ሜዳ ሆስፒታል የእንግሊዝኛ መጠሪያ በአጭሩ ሲጻፍ የሚገኝ ቃል ነው። በኮርያ ጦርነት ዘመን በ4077ኛው የአሜሪካ ሆስፒታል የተመደቡ ሐኪሞች ቍስለኛ ሲጠግኑ፣ ሲጠጡ፣ በአለቆቻቸው ሲያላግጡ፣ በሌሊትም ሲያለቅሱ ያሳያል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም. በልብ ወለድ መጽሐፍነት ታትሞ፣ በ1970 ፊልም ሆኖ፣ ከ1972 እስከ 1983 ድረስ በቴሌቪዥን ቀረበ። የመጨረሻውን ክፍል ከ100 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ተመልክቶታል። በዚያን ዘመን ተመልካቹ በሳምንት አንድ ጊዜ አይቶ ያልፍ ነበር፤ ባለፈው ዓመት የተባለውን ካሁኑ ጋራ የሚያስተያይበት መንገድ አልነበረውም። ዛሬ ግን በሸክላ ተቀድቶ በኢንተርኔትም ተሠራጭቶ፣ ያንድ ዓመቱ ድካም በሁለት ቀን ይታያል። ስለዚህ ወዳጆቹ ከ250 የሚበልጡትን ክፍሎች በቃላቸው እስኪያጠኑ ድረስ ዐወቋቸው፤ ስላወቋቸውም እርስ በርሱ የሚጣረሰውን ነገር ሁሉ እየለቀሙ መዝገብ ከፈቱ።

ከመዝገቡ ራስ ላይ የሚገኘው የዘመን ቈጠራው ነው። የኮርያ ጦርነት ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. ተጀምሮ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. በተኵስ ማቆም ስምምነት ቆመ፤ ሦስት ዓመት ከአንድ ወር መሆኑ ነው። ተውኔቱ ግን ዐሥራ አንድ ዓመት ቆየ። ተዋንያኑ በዐይናችን ፊት ሸበቱ፤ ጦርነቱ ግን አላረጀም። ይህም ብቻ አይደለም። የሆስፒታሉ ሁለተኛ አዛዥ ኮሎኔል ፖተር ወደ ሰፈሩ የመጡበት ቀን በተውኔቱ ውስጥ በግልጽ ተነግሯል፤ በእኛ አቈጣጠር መስከረም 9 ቀን 1945 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ጦርነቱ እስኪቆም ዐሥር ወር ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ይሁን እንጂ በ1980 በቀረበ አንድ ክፍል እኒሁ ፖተር የአውሮፓውያንን 1951 ዓ.ም. ከዋዜማው አንሥተው እስከ ዓመቱ ፍጻሜ በዚያው ሆስፒታል አዛዥ ሆነው ሲያሳልፉ እናያለን። ገና ሳይመጡ አንድ ዓመት ከርመዋል ማለት ነው።

ያ ዓመት ለእኛ አገር ሰው ባዶ ቍጥር አይደለም። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ወደብ የደረሰው በዚያ ዓመት ነው። ሻለቃው ስሙን ያገኘው ከራስ መኰንን የፈረስ ስም ነበር፤ የተሰለፈውም ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋራ ነው። ጦርነቱ እስኪቆም ድረስ ሦስት የቃኘው ሻለቆች እየተተካኩ ዘመቱ፤ ከ120 የሚበልጡ ወታደሮች ወደቁ፣ ከ500 የሚበልጡ ቈሰሉ፣ በምርኮ የተያዘ ግን አንድም አልነበረም። እውነተኛው ጦርነት እንግዲህ ሰውን እንዲህ እያፈራረቀ የሚያሰልፍ ነበር፤ አንዱ ዓመቱን ጨርሶ ሲመለስ ሌላው ይተካዋል። ቴሌቪዥን ግን በየዓመቱ አዲስ ሐኪም አምጥቶ አዲስ ወዳጅነት ሊያስጀምረን አይችልም። የወደድነውን ሰው ይዞ ለመቆየት ሲል የዘመኑን ልክ ሠዋው። እኛ ይህን ስሕተት ብለን ለመጥራት እንቸገራለን። ለሥራው የተከፈለ ዋጋ ነው።

በደጀንና በብቸና አካባቢ ስለ በላይ ዘለቀ የሚነገረውን ትረካ ያዳመጠ ሰው ነገሩን ሳይረዳው አይቀርም። ተራኪው የአምስቱን ዓመት ተጋድሎ ባንድ ምሽት ይጨርሰዋል፤ ክረምቱን ከበጋው ያገናኘዋል፤ የዓባይን በረሃ ባንዲት ዐረፍተ ነገር ወርዶ ይወጣዋል። በዚህ የሚያርመው የለም። ነገር ግን ከዐርበኞቹ አንዱን በሌላ አባት ስም የጠራ እንደ ሆነ፣ ከጥግ የተቀመጡት ሽማግሌ «የለም፣ እሱስ የእገሌ ልጅ ነው» ይላሉ፤ ትረካውም ይህ እስኪቃና ድረስ ይቆማል። ዘመን ቢዛባ ይታለፋል፤ ሰው ሲዛባ ግን አይታለፍም።

በዚህ ሚዛን የመዘንነው እንደ ሆነ፣ በ«ማሽ» መዝገብ ውስጥ ከዘመን ቈጠራው በታች በደቃቅ ጽሕፈት የተጻፉት ጉድለቶች ይብሳሉ። የመጀመሪያው አዛዥ የኮሎኔል ብሌክ ሚስት በመጀመሪያ ሚልድሬድ ትባል ነበር፤ ኋላ ሎሬን ሆነች። ሚልድሬድ የሚለው ስም ደግሞ ተርፎ ለተተኪው ለኮሎኔል ፖተር ሚስት ተሰጠ! ይህ የሚያስቅ ነው፤ አስቀን እንለፈው። ዋናው ባለታሪክ ዶክተር ሆካይ ፒርስ ግን ለአባቱ በሚጽፈው ደብዳቤ ለእናቱና ለእኅቱ ሰላምታ ይልክ ነበር። ዓመታት ካለፉ በኋላ እናቱ ገና በልጅነቱ እንደ ሞተችበት፣ እኅትም እንዳልነበረችው እንሰማለን። እናቲቱስ ብትሞት በልጇ አንደበት ታዘነላት። እኅቲቱ ግን ሳትሞት ጠፋች፤ የጠየቃት የለም።

መዝገብ በማገላበጥ እንጀራውን የሚበላ ሰው ይህን ሲያይ ልቡ ይደነግጣል። ባንድ ፋይል ውስጥ ሟቹ ሁለት የሞት ዓመት የተጻፈለት እንደ ሆነ ነገሩ በምስክር ይጣራል፤ ሥራው ቢዘገይም ሰውየው ሰው መሆኑ አያጠራጥርም። ባንዱ ቅጽ ልጅ ተብላ ተጽፋ በሚቀጥለው ቅጽ ስሟ የሌለ እንደ ሆነ ግን፣ ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ ያቺ ልጅ የት ሄደች ማለት አለበት። የተውኔቱ ወዳጆች የምንነቅፍባቸው ነገር ቢኖር ሁለቱን ባንድ ቍጥር መቍጠራቸው ነው። የቀን መዛባት አንድ፣ የእኅት መጥፋት አንድ እየተባለ አይደመርም።

ከወዳጆቹ መካከል ጠበቃ ሆነው የሚቆሙም አሉ። ሆካይ ቀልደኛ ስለ ሆነ ያን ጊዜ ሲቀልድ ይሆናል፤ እኅት ያላት የአክስቱን ልጅ ይሆናል እያሉ የተጣላውን ያስታርቃሉ። የአንድምታ መምህራን ሁለት ንባብ ሲያጋጥማቸው «አንድም» ብለው እንደሚያቃኑት ያለ ትጋት ነው። ነገር ግን ያ ጥበብ እያንዳንዱ ቃል ታስቦ ለተቀመጠበት መጽሐፍ የሚገባ ነው። እዚህስ ብዙ ጸሐፊዎች እየተፈራረቁ ሲጽፉ አንዱ የሌላውን ረሳ፤ ከዚህ የጠለቀ ምሥጢር ያለበት አይመስለንም።

እነዚሁ ጸሐፊዎች ያልረሱትን ነገር ደግሞ መመልከት ይገባል። በ1975 በቀረበው የኮሎኔል ብሌክ የስንብት ክፍል፣ ሰውየው አገልግሎቱን ጨርሶ፣ የሲቪል ልብሱን ለብሶ፣ ባልንጀሮቹን ስሞ ይሄዳል። የክፍሉ ርእስ በአገራችን በቀድሞ የውጭ ስሟ «አቢሲኒያ፣ ሄንሪ» ተብሏል። ነገሩ እኛን አይመለከትም፤ አሜሪካኖች «እንገናኛለን» የሚሉትን በፍጥነት ሲናገሩት አቢሲኒያ የሚል ስለሚመስል፣ የስንብት ቀልድ አድርገውት ነው። ተመልካቹ ፈገግ እንዳለ ወጣቱ ጸሐፊ ራዳር ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ገብቶ፣ ኮሎኔሉ የተሳፈሩበት አውሮፕላን በጃፓን ባሕር ላይ ተመትቶ መውደቁንና የተረፈ ሰው አለመኖሩን ያነባል። ሐኪሞቹ መቀሳቸውን ሳያስቀምጡ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ብሌክም ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። ተውኔቱ ገና ስምንት ዓመት ሲቀጥል፣ የሚስቱን ስም ያምታቱት ሰዎች ሞቱን አላምታቱም።

በመጨረሻው ክፍል ደግሞ መጣረሱ ራሱ የተውኔቱ ጕዳይ ሆኖ ይመጣል። ሆካይ አእምሮው ታውኮ በሐኪም ፊት ተቀምጧል። ስደተኞችና ወታደሮች በተጫኑበት አውቶቡስ ውስጥ ከጠላት ቃኚ ተደብቀው ሳሉ፣ አንዲት ሴት የያዘቻት ዶሮ ስትጮኽ ዝም አሰኚያት ብሎ እንደ ተቈጣት፣ ሴቲቱም ዶሮዋን አፍና እንደ ገደለቻት ይናገራል። ሐኪሙ ታሪኩን ደጋግሞ ያስነግረዋል። እየቈየ ነገሩ አልገጥም ይላል፤ አንዱ ቃል ሌላውን ያፈርሰዋል። ሆካይም በመጨረሻ ዶሮ እንዳልነበረች ያስታውሳል። ሴቲቱ ያፈነችው የገዛ ሕፃኗን ነበር።