«ሰንጋ ተራ» ወይስ «ፋይናንስ ዲስትሪክት»?

በአዲስ አበባ ከብሔራዊ ቴአትር አንሥቶ እስከ ሰንጋ ተራ ባለው ስፍራ፣ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀውን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ ጨምሮ፣ የበርካታ ባንኮችና የመድን ድርጅቶች ዋና መሥሪያ ቤቶች ተሰብስበዋል። ይህንንም ስፍራ «ፋይናንስ ዲስትሪክት» ብሎ መጥራት ተለምዷል። ስያሜው ሁለት ጉድለት አለበት፤ ሐሳቡን በትክክል አይገልጽም፣ የነበረውንም ስም ያስረሳል።

በመጀመሪያ፣ «ዲስትሪክት» የሚለው የተውሶ ቃል በባንክ ሥራ ሌላ ፍቺ ይዟል፤ ይኸውም የአንድ አካባቢ ቅርንጫፎችን የሚመራ ጽሕፈት ቤት ማለት ነው። ስለዚህ ለባንክ ባለሙያ ስያሜው አሻሚ ነው። በምትኩ የሚቀርበው «የፋይናንስ ማዕከል» ደግሞ እንደ ለንደን ላለ ከተማ በሙሉ የሚነገር እንጂ ለአንድ ሰፈር የሚመጥን አይደለም።

«ሰንጋ» እንዲያው በሬ ማለት አይደለም፤ ተኮላሽቶ የሰባ በሬ ነው። «ሰንጋ ፈረስ» ማለታችንም መኮላሸቱን ያመለክታል። ቃሉ በኦሮምኛም በተቀራራቢ ድምፅና ፍቺ ይገኛል። «ተራ» ከስም በፊት ሲገባ «ተራ ሰው» እንደሚባለው ቅጽል ይሆናል፤ ከስም በኋላ ሲውል ግን በርበሬ ተራ፣ ሸማ ተራ እንደሚባለው አንድ ዐይነት ሸቀጥ የሚሸጥበትን ስፍራ ያመለክታል። እንግዲህ ሰንጋ ተራ የሰንጋ መሸጫ ስፍራ ነው።

ከብቱ ቀርቶ ባንክ ስለ ገባ ስሙ ይለወጥ የሚል ቢኖር ጉለሌን ይመልከት። «ጉለሌ» የኦሮሞ ጎሣ ስም ነው፤ ዛሬ ግን ብዙ ወገን የሚኖርበት ክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆኗል። በዚያው ያለው አዲሱ ገበያ ቢያረጅም «አዲሱ» መባሉ አልቀረም፤ ሽሮ ሜዳም የታወቀው በሀገር ባህል ልብስ ነው። በኒው ዮርክም ዎል ስትሪት ስሙን ያገኘው ደቾች በ1653 እ.ኤ.አ. ካቆሙት የእንጨት ቅጥር ነው፤ ቅጥሩ ከፈረሰ ከ300 ዓመት በላይ ቢሆነውም ስሙ አለ።

ስለሆነም ተርጓሚ ሰንጋ ተራን እንደ ድምፁ ጽፎ ፍቺውን አንድ ጊዜ ቢያስረዳ ይበቃዋል። ለጽንሰ ሐሳቡ አቻ ካስፈለገ፣ ሕዝቡ ራሱ በሠራው መንገድ «ገንዘብ ተራ» ማለት ይቻላል፤ የባንኩም ሆነ የመድኑ ሸቀጥ ገንዘብ ነውና። ሙያዊ ቃል ከውጭ ከመዋሱ በፊት ገበያው የፈጠረውን መመርመር ይገባል።